ሁለት ፕሮፎርማ፣ አንድ ሰርቨር፦ የ27 ምላሾች ወሬ

ይህ የኢንተርኔት መድረክ የውይይት ክር የተከፈተው በሰኔ መጨረሻ ነው። ሒሳብ በሚዘጋበት፣ የቢሮ ሰው ሁሉ በትንሽ በትልቁ በሚቆጣበት ሰሞን። 27 ምላሽ አለው። ቁጭ ብዬ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ይኸው የሰርቨር ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ጥያቄ በየሁለት ሳምንቱ ስለሚመጣ፣ ከነጭቅጭቁ ልተርክላችሁ።

መነሻ ጥያቄ

ጠያቂው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የትራንዚት ቢሮ ይሠራል። ሥራው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ማዘጋጀት ነው። ኮምፒውተር ስለሚወድ ግን ኔትወርኩም፣ ፕሪንተሩም፣ የአለቃው ስልክም እሱ ላይ ወድቋል። ይህን ዓይነት ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምናልባትም እናንተው ናችሁ።

ቢሮው ከካዛንቺስ ተነስቶ ገርጂ ገብቷል። በዚያው ኔትወርኩን ከዜሮ ሊዘረጉ አስበዋል። 14 ሠራተኞች ናቸው። 11ዱ ቢሮ ይውላሉ፣ 3ቱ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ቃሊቲ ጉምሩክ ይመላለሳሉ። ኮምፒውተሩ 9 ነው። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ደል ፓወርኤጅ ቲ430 ሰርቨር ገዝተዋል። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ይጫንበታል፣ ስካን የተደረገ ሰነድም ይቀመጥበታል።

አለቃው ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስብ ብለውት ሁለት አገኘ። አንደኛው ላይ ያለው ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ብቻ ነው፣ ባለ 16 ኮር (ኮር ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የማስሊያ ክፍል ነው)፣ አንድ መስመር። ሁለተኛው ላይ ይኸው ዕቃ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ 14 ዩዘር ካል የሚል ሌላ መስመር (ካል ሰርቨሩን ለመጠቀም የሚገዛ ፈቃድ ነው)። ድምሩ ከፍ ብሏል። ጠያቂያችን ብዙ አልተጨነቀም። ሁለተኛው ሻጭ ሌባ ነው ብሎ ደመደመ። የገዛ ሠራተኞቻችንን መልሶ ሊሸጥልን ነው ሲል ተማረረ። እንዲህ ዓይነት ሻጭ የገጠመው ሌላ ሰው ካለ ይንገረኝ ብሎ ጽሑፉን ዘጋ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ አዲሱን ቢሮ መርቆ ነው የገባው። ከዚያ ለስለስ አድርጎ ዱብ ዕዳውን አወረደው። ሌባ የተባለው ሻጭ ነው ትክክለኛውን የጻፈው። የሸወደው የመጀመሪያው ነው፤ ወይ አያውቅም፣ ወይ ጨረታውን በዋጋ ለማሸነፍ ዝም ብሏል።

ምሳሌውን ወደድኩት። የሠርግ አዳራሽ ተከራየህ እንበል። አዳራሹ አንድ ሒሳብ ነው። ምግቡ ግን በሰሃን ይቆጠራል። ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድም እንዲሁ ነው። ማሽኑ በኮር ብዛት ይከፈልበታል፤ ወደ ማሽኑ የሚገባው ሰው ወይም መሣሪያ ደግሞ ለየብቻው ካል ያስፈልገዋል። አዳራሹን ብቻ ከፍሎ እንግዳ መጥራት አይሆንም።

ምሳሌው ክሩን ሙሉ ተከትሎን ሄደ። ኋላ ላይ ችግር ያመጣውም እሱው ነው።

ምላሽ 2 እና 3

ሁለተኛው መላሽ ሰላምታ የለውም። በዚህ አገር ለሶፍትዌር ዶላር የሚከፍል ማነው ብሎ ነው የጀመረው። እሱ 5 ቢሮዎችን አንድ ፍላሽ ላይ ባለ ክራክ (ላይሰንስ ሳይገዙ የሚያስከፍት ፕሮግራም) አክቲቬት አድርጓል፣ አንዱም ቢሮ ጠያቂ አልመጣበትም። የሚያስፈልገው 5 ደቂቃና አንቲቫይረሱን ማጥፋት ብቻ ነው። ሦስተኛው ሳቀና አጸደቀለት።

ምላሽ 4

አራተኛው ብድግ ብሎ መጣ። እንዲህ ዓይነት ምክር ሰው ቤት ያፈርሳል አለና የደረሰበትን ተረከ።

ቀድሞ የሚሠራበት ቢሮ ሰርቨር በእንዲሁ ዓይነት ፍላሽ አክቲቬት የተደረገ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ሹሟ ፒችትሪን ስትከፍት ካምፓኒው የለም። ፎልደሩን ስትከፍተው የእያንዳንዱ ፋይል ስም ጫፍ ላይ የማታውቃቸው ፊደላት ተቀጥለዋል። ዴስክቶፑ ላይ በቢትኮይን ክፈሉ የሚል የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። ባክአፑ እዚያው ማሽን፣ ዲ ድራይቭ ላይ ነበር። እሱም አብሮ ተቆልፏል። ከዚያ የሆነው ያሳዝናል። የ8 ወር ቫውቸር ከቦክስ ፋይል እየወጣ አንድ በአንድ እንደገና ተመዘገበ። ሁለት ልጆች በጊዜያዊነት ተቀጥረው እስከ ጳጉሜ ኪቦርድ ሲቀጠቅጡ ከረሙ። ለእነሱ የተከፈለው ደመወዝ ከላይሰንሱ ዋጋ እንደሚበልጥ ኋላ ቆጥረው ደረሱበት።

ምላሽ 5

የኔትወርክ ባለሙያ ነው። አራተኛውን አላስተባበለም፣ ግን አረመው። ክራኩ በር ከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር በብዛት የሚገባው ሪሞት ዴስክቶፕ (ማሽኑን ከሩቅ ሆኖ መጠቀሚያው) በቀጥታ ለኢንተርኔት ሲከፈት ነው ብሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀው፦ የሪሞት ዴስክቶፕ በር የሆነው ፖርት 3389 ተከፍቶ ነበር ወይ? አራተኛው ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ፣ አዎ፣ አለቃቸው ከቤት ሆነው እንዲያዩ ተከፍቶ ነበር ብሎ አመነ። እንዲህ ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ አላየሁም።

ምላሽ 6

ለእኔ የክሩ ምርጥ ምላሽ ይሄ ነው። የጻፈችው የሒሳብ ባለሙያ ናት፣ የቴክኖሎጂ ሰው አይደለችም። የሰሃኑን ምሳሌ ተቀብላ አንድ ነገር ጨመረችበት። አንዳንድ አዳራሽ በሰው ይቆጥራል፣ አንዳንዱ በወንበር። ካልም ሁለት ነው። ዩዘር ካል ሰውየውን ይከተላል፤ ሰውየው በዴስክቶፕም፣ በላፕቶፕም፣ በስልክም ቢገባ አንድ ነው። ዲቫይስ ካል ወንበሩ ላይ ይለጠፋል፤ ወንበሩ ላይ ማንም እየተፈራረቀ ቢቀመጥ አንድ ነው።

ምሳሌዋ የምትሠራበት ክሊኒክ ነው። ሥራው በሦስት ፈረቃ ነው፣ ሠራተኛው 18፣ ኮምፒውተሩ 6። ዩዘር ካል ቢገዙ 18 ሊከፍሉ ነበር። ዲቫይስ ካል ገዝተው በ6 ተገላገሉ።

ከዚያ ወደ ጠያቂው ዞራ መልሳ ጠየቀችው። ቢሮ የሚውሉት 11፣ ኮምፒውተሩ 9። ታዲያ 14 የተባለው ከየት መጣ? ሦስቱ የመስክ ሠራተኞች ሰርቨሩን የሚነኩት እንዴት ነው?

ምላሽ 7

ጠያቂው ራሱ። የመስክ ልጆቹ ሰርቨሩን አይነኩም። የዕቃ ማውጫውን በስልካቸው አንስተው በቴሌግራም ለጸሐፊዋ ይልካሉ። እሷ አውርዳ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለች።

ምላሽ 8

ክሩ ከበድ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስምንተኛው መላሽ ማልቲፕሌክሲንግ የሚባል ነገር አመጣ። በሰውና በሰርቨሩ መካከል ሌላ ፕሮግራም ስላስገባህ የካል ቁጥር አይቀንስም ማለት ነው። 50 ሰው በአንድ ዌብ አፕሊኬሽን አልፎ ሰርቨሩን ቢጠቀም፣ ሰርቨሩ የሚያየው አንድ አካውንት ብቻ ቢሆንም 50ውም ይቆጠራሉ። ስለዚህ ሦስቱ ልጆችም መቆጠር አለባቸው ባይ ነው።

ምላሽ 9

ዘጠነኛው ደንቡን ግማሽ መንገድ ብቻ አነበብከው ብሎ መለሰለት። ቃሉ ትንሽ ሻከር ያለ ነው፣ እውነቱ ግን ከእሱ ጋር ነው። የማይክሮሶፍት ማብራሪያ በራሱ የሚያስተላልፍ ሲስተምንና በእጁ የሚያስተላልፍ ሰውን ይለያል። ጸሐፊዋ ፋይሉን ራሷ አውርዳ ራሷ ካስቀመጠች፣ ካል የሚያስፈልጋት እሷ ናት። በቴሌግራም የላከው ልጅ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ሌባ አይደለም የተባለው ሁለተኛው ሻጭም ቢሆን ሦስት ካል አትርፎ ጽፏል። ተንኮል አይመስለኝም። ስንት ናችሁ ብሎ ጠይቆ፣ 14 ተብሎ፣ 14 ብሎ ሞላ።

ምላሽ 10 እና 11

አሥረኛው አጭር ነው። ሰርቨሩ ስንት ኮር አለው? ጠያቂው በ11 ታስክ ማናጀሩን ፎቶ አንስቶ ለጠፈ፣ ግን በስልክ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ መስመር መስመር ሠርቷል። ቁጥሩ ይነበባል። ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) 2፣ ኮር 20፣ ሎጂካል ፕሮሰሰር 40። እሱ 40ውን አይቶ ደንግጧል። ከ16 ኮር በላይ ያለውን 24 ልንገዛ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 12

አሥራ ሁለተኛው አረጋጋውና ደንቡን በቀላል አማርኛ አስቀመጠው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ጀምሮ የሚቆጠረው በአካል ያለው ኮር ነው። ሎጂካል የሚባለው አይቆጠርም፣ ስለዚህ 40ውን እርሳው። ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ቢያንስ 8 ኮር፣ ለእያንዳንዱ ሰርቨር ቢያንስ 16 ኮር መግዛት ግድ ነው። ማሽንህ 4 ኮር ብቻ ቢኖረውም 16 ትከፍላለህ። 20 ካለው ደግሞ 20 ትከፍላለህ፤ አንድ ባለ 16 እና ሁለት ባለ 2 ጥቅል ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሁለቱም ፕሮፎርማ 16 ነው የሚሉት። ሁለቱም ማሽኑን ሳያዩ ነው የሞሉት። አንደኛው ካል ረስቷል፣ ሁለተኛው ካል አብዝቷል፣ 4 ኮር ግን ሁለቱም ረስተዋል።

አሥራ ሁለተኛው በዚያ አላበቃም። ሥራችሁ ፒችትሪና ሰነድ ከሆነ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ምን ያደርግላችኋል ብሎ ጠየቀ። አንዱን ንቀለው። 10 ኮር ይቀርሃል፣ ባለ 16ቱ ይሸፍነዋል። ከተነቀለው ፕሮሰሰር አጠገብ ያለው ሚሞሪ ስለማይሠራ ወደ መጀመሪያው ፕሮሰሰር ጎን ማዛወርህን ግን አትርሳ አለው። ስለ ላይሰንስ የሚያወራ ሰው ካቻቢቴ አንሳ ሲል አይቼ አላውቅም ነበር።

ምላሽ 13

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚጽፍ ወንድማችን ነው። እዚያ የአንድ ትንሽ የታክስ ቢሮ ኔትወርክ ይይዛል። ለምን ትደክማላችሁ፣ ኢሴንሻልስ የሚባለውን፣ ለትንሽ ቢሮ የተሠራውን የዊንዶውስ ሰርቨር ዓይነት ግዙ አለ። 25 ተጠቃሚና 50 መሣሪያ ድረስ ካል የሚባል ነገር የለውም። ጠያቂው ሊፈነጥዝ ነበር። ፕሮሰሰሩን ከነቀልኩ 10 ኮር ነው፣ የኢሴንሻልስ 2022 ገደብም አንድ ፕሮሰሰርና 10 ኮር ነው፣ ልክክ ብሏል እያለ ጻፈ።

ምላሽ 14

ደስታው 20 ደቂቃ ነው የቆየው። አሥራ አራተኛው እንደጻፈው ኢሴንሻልስ 2022 ለብቻው አይሸጥም። አዲስ ሰርቨር ስትገዛ ከአምራቹ ጋር ነው የሚመጣው። ከዱባይ ላገለገለ ማሽን አይሆንም። የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰው ይቅርታ ጠየቀ። የእሱ ማሽን አዲስ ሆኖ የተገዛ ስለነበር ልብ አላለውም።

አሥራ አራተኛው አስከትሎ ማንም ያላሰበውን ጠየቀ። ሰርቨሩ ገላ ላይ ስቲከር አለ? ከማሽኑ ጋር የመጣ የኦኢኤም ላይሰንስ ወደ ሌላ ማሽን አይዛወርም፤ ከማሽኑ ጋር ግን ለሁለተኛው ባለቤት ያልፋል።

ምላሽ 15

ነበረው። ጠያቂው ሰርቨሩን ከግድግዳ ጎትቶ፣ አቧራውን ጠርጎ አገኘው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ስታንዳርድ። ያን ጊዜ ላይሰንሱ በፕሮሰሰር ነበር፤ አንዱ ስታንዳርድ ሁለት ፕሮሰሰር ይችላል። እንግዲህ ሰዎቹ ሳያውቁት የአንድ ሕጋዊ ዊንዶውስ ባለቤት ናቸው። ችግሩ ማይክሮሶፍት የ2012 አር2ን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2023 አቁሟል። ከዚያ ወዲህ መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ የለም። ካል ደግሞ ከማሽኑ ጋር አልመጣም፤ የቀድሞው ባለቤት ነው የገዛው፣ የገዛውም ለራሱ ነው።

ምላሽ 16፣ 17 እና 18

የሊኑክስ ሰው ሳይመጣ እንዲህ ዓይነት ክር አያልቅም። አሥራ ስድስተኛው መጣ። ከፍ ብሎ ነው የመጣው። ሳምባ የሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ከዲሴምበር 2012 ጀምሮ፣ ማለትም ከ4.0 ጀምሮ፣ የአክቲቭ ዳይሬክተሪን (የዊንዶውስ ሰርቨር የተጠቃሚዎች መቆጣጠሪያ) ሥራ ይሠራል። ነፃ ነው። ካል የለም፣ ኮር የለም። ይህን ሁሉ ቀን ስለ ሰሃን ስታወሩ ታሳዝናላችሁ ብሎ ጨረሰ።

ያቺ የሒሳብ ባለሙያ በ17 መለሰችለት። ቁጣዋ ከጨዋነቷ ሳይወጣ። ሰውየው ከመጀመሪያው የጻፈውን አንብበኸዋል ወይ አለችው። ፒችትሪ አለ። ፒችትሪ በኔትወርክ ሲሠራ ዳታው ያለበት ማሽን ላይ የራሱ ዳታቤዝ ይሮጣል፤ ያ ማሽን ዊንዶውስ መሆን አለበት። ሰነዱን ሳምባ ላይ አስቀምጥ፣ ጥሩ ነው። ሒሳቡን ግን የት ልታስቀምጠው ነው?

አሥራ ስምንተኛው አስታራቂ ሆነ። 9 ኮምፒውተር ላለው ቢሮ የግድ ሰርቨር ያስፈልጋል ያለው ማነው? ዊንዶውስ 11 ፕሮ እስከ 20 መሣሪያ ፋይልና ፕሪንተር እንዲጋሩት በላይሰንሱ ይፈቅዳል። አንድ ደህና ዴስክቶፕ፣ ሁለት ዲስክ፣ አንድ ዩፒኤስ፣ አንድ ማታ ማታ እየተነቀለ የሚወሰድ ኤክስተርናል ሐርድ ዲስክ። በቃ። ሰነዱን ደግሞ ያ የሊኑክስ ወንድም እንዳለው ሳምባ ላይ አድርግ።

እኔ ጠያቂው ሰርቨሩን ገና ባይገዛ ኖሮ ይህን ነበር የምመክረው። ግን ገዝቷል፤ ለአለቃ ደግሞ የገዛነው ሰርቨር አላስፈለገንም ማለት ከባድ ነው።

ምላሽ 19 እና 20

አሥራ ዘጠነኛው ሪሞት ዴስክቶፕ ብታደርጉስ አለ። የመስክ ልጆቹ ሞጆ ሆነው ፒችትሪን ይከፍታሉ። እሱ ዓመታት ሙሉ ሁለቱን የአስተዳደር ኮኔክሽን ለሁለት ሒሳብ ሠራተኞች ሰጥቶ እየሠራ ነው፣ አንድ ሳንቲም አልከፈለም።

ሃያኛው ይህን ሲያነብ ትዕግሥቱ አለቀ። ሁለቱ ኮኔክሽን የተፈቀዱት ሰርቨሩን ለማስተዳደር ነው። ኢንቮይስ ለመጻፍ አይደለም። ሌላ ሰው በሪሞት ዴስክቶፕ ሊሠራ ከሆነ አርዲኤስ ካል (የሪሞት ዴስክቶፕ ካል) ያስፈልጋል፤ እሱም ከተራው ካል ላይ ተጨማሪ ነው፣ ምትክ አይደለም። ቀጥሎም አስጠነቀቀ። ተራው ካል ወረቀት ነው። ቁልፍ የለው፣ የሚጫን ነገር የለው፣ ሰርቨሩም ማንንም ቆጥሮ አይከለክልም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው መኖሩን የማያውቀው። አርዲኤስ ግን ይቆጥራል። 120 ቀን ይታገስሃል። በ121ኛው ቀን ሰው ጠዋት ሲመጣ አይገባም። የእሱ ቢሮ ላይ ይህ የደረሰው ደመወዝ በሚሠራበት ቀን ነበር።

ጎበዝ፣ እዚህ ላይ እኔም አንድ ቃል ልጨምር። አክቲቬት ሆነ ማለት ላይሰንስ አለህ ማለት አይደለም። ቁልፍ የሚነግርህ ሶፍትዌሩ እንደተከፈተ ነው፤ መብት እንዳለህ የሚነግርህ የግዢ ሰነዱ ነው። እኔ ራሴ ከኢንተርኔት በርካሽ ቁልፍ ገዝቼ አውቃለሁ። ወዲያው ሠራ። ከስምንት ወር በኋላ ዴስክቶፑ ጥግ ላይ አክቲቬት አድርግ የሚለው ጽሑፍ ተመልሶ መጣ። ሻጩን ልፈልግ ብል ገጹም ሰውየውም የሉም።

ምላሽ 21

እዚህ ላይ ክሩ ተጠለፈ። አንዱ መጥቶ፣ ይህን ሁሉ ስለ አዳራሽና ሰሃን አነበብኩ፣ ለጥር ልጄን ልድር ነው፣ በሰሃን ስንት እየተባለ ነው ብሎ ጠየቀ። መላሾቹ ሥራቸውን ትተው በዚያው ቁጥር ሥር መልስ ያዥጎደጉዱ ጀመር። መጠጥ በውጭ የሚያስገባ አዳራሽና የማያስገባ አዳራሽ ተለየ። አንዱ ደግሞ ወንበር ስለሚከራይ ሁሉንም ዲቫይስ ካል አድርገው አለው። ከዚያ ወደ ዶላር ዞሩ። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ፕሮፎርማ ከሳምንት በላይ አይጸናም የሚል ምሬት ነበር። ማይክሮሶፍት ለ2022 ስታንዳርድ ባለ 16 ኮር በገጹ ላይ ያወጣው 1,069 ዶላር እንደነበር አንዱ አስታወሰ። ሌላው በብር መትቶ አየና ዝም አለ።

ምላሽ 22፣ 23 እና 24

የፕሪንተሩ ጦርነት። ሃያ ሁለተኛው፣ ኔትወርክ ላይ ያለው ትልቁ ፎቶ ኮፒም ካል ይፈልጋል አለ፤ ስካን አድርጎ ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣልና። ሃያ ሦስተኛው ይህ ቀልድ ነው አለ። ቀጥሎ ለቡና ማፍያውም ካል ልንገዛ ነው ሲል ተሳለቀ። ሃያ ሁለተኛው ተናደደና ስድብ ቀረሽ ነገር ጻፈ፤ አወያዩ ግማሹን አጥፍቶበታል።

በ24 አሥራ ሁለተኛው ተመልሶ መጣ፣ ያ ፕሮሰሰር ንቀል ያለው። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ ብሎ አበረዳቸው። ዲቫይስ ካል የመረጠ ቢሮ ፎቶ ኮፒውም መሣሪያ ስለሆነ ይቆጠርበታል። ዩዘር ካል የመረጠ ቢሮ ግን ማሽኑን የሚጠቀሙት ሰዎች ሁሉ ካል ካላቸው ለማሽኑ ለብቻ አያስፈልገውም። አይፒ አድራሻ ከዊንዶውስ ሰርቨር የሚወስድ መሣሪያም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የእንግዳውን ዋይፋይ ራውተሩ ያድል እንጂ ሰርቨሩ አያድል አለ። እንግዳ ተቀባይ ክፍል ቁጭ ብሎ ዩቲዩብ የሚያይ ሰው ካል ውስጥ አይግባባችሁ።

ዲቫይስ ካል ለዚህ ቢሮ 9 ይሆናል ብለው ሲያስቡ የነበሩ ነበሩ። ፎቶ ኮፒው ሲጨመር 10፣ የአለቃው የቤት ላፕቶፕ ሲጨመር 11። እኩል ሆነ።

ምላሽ 25

ይህ ሁለተኛው መላሽ ነው። ያ የፍላሹ ሰው። ድምፁ ተቀይሯል። ፖርት 3389 መከፈት አለመከፈቱን ከውጭ እንዴት ነው የሚታየው ብሎ ጠየቀ። ለአንዱ ደንበኛዬ ነው ብሏል። አምስተኛው ምንም ሳይሳለቅበት ደረጃ በደረጃ ጻፈለት፣ ሪሞት ዴስክቶፕ በቪፒኤን (የተቆለፈ የግል መስመር) ውስጥ ብቻ እንዲገባም መከረው። አንዲት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ ከሥሩ፣ ጠያቂ አልመጣም የተባለውን በተመለከተ፣ የእነሱ ለጋሾች ኦዲተር ሲልኩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞቹን የግዢ ሰነድ ከተሽከርካሪው ሊብሬ እኩል እንደሚጠይቁ ጻፈች። የአገሩ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ ጋር አንድ ላይ እንደሚጠብቅ አክላለች። ማንም አልተከራከራትም።

ምላሽ 26

ጠያቂው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ብዙ ጠያቂ መልሱን ካገኘ በኋላ ስለሚጠፋ ይህ ራሱ ያስመሰግነዋል።

ሁለተኛውን ሻጭ ቢሮ ድረስ ጠርቶ ይቅርታ ጠይቆታል፤ ሌባ ማለቱን ሻጩ ባያውቅም። ፕሮፎርማው ታርሟል። ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ስታንዳርድ 16 ኮር፣ 11 ዩዘር ካል። ሻጩ ካሉን የ2025 አድርጎ አቀረበለት፤ አዲስ ካል ወደ አሮጌ ሰርቨር ያስገባል፣ አሮጌ ካል ግን ወደ አዲስ ሰርቨር አያስገባምና ነገ ቢያሳድጉ እንደገና አይከፍሉም። አለቃው ለምን በሠራተኛ ብዛት ሲሉት የሠርግ አዳራሹን ነገራቸው። ወዲያው ገባቸው፣ ፈረሙ።

ፕሮሰሰሩን የነቀለው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ማቀዝቀዣውን ሲያነሳ ግራጫው ፓስታ እጁ ላይ ቀርቶ ሸሚዙን አበላሽቶታል። ሚሞሪውን ማዛወር ረስቶ ማሽኑ መጀመሪያ ሲበራ ግማሹን አላየውም፤ ከዚያ ምላሽ 12 ትዝ አለውና አጥፍቶ ከፈተ። አሁን ይሠራል። 10 ኮር ይላል። የተነቀለው ፕሮሰሰር በላስቲክ ተጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ፣ ከማኅተሙ ጎን ተቀምጧል።

የሒሳብ ባለሙያዋ የፒችትሪውስ ላይሰንስ ብላ ከሥሩ ጠየቀችው። እስካሁን አልመለሰም።

ምላሽ 27

የመጨረሻው መላሽ ክሩ ውስጥ ከዚህ በፊት ጽፎ አያውቅም። ስለ ላይሰንስም አልጠየቀም። ያንን ፕሮሰሰር ከነማቀዝቀዣው በስንት እንደሚሸጠው ጠየቀና፣ ዋጋውን በውስጥ መስመር ላክልኝ ብሎ ወጣ።